አንቲኦክሲዳንት አለው የሚባለው ጁስ ለታመመ ሰው ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት፣ ሪህ፣ ካንሰር። ከእነዚህ አንዱ በገባበት ቤት ሁሉ የሚመጣ ወሬ አለ፤ "እንትና ይሄን ጁስ ጠጥታ ለቀቃት" የሚል። አንዳንዱ ጁስ ከውጭ የሚመጣና ዋጋው የማይቀመስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሰፈር ጁስ ቤት ስፕሪስ ነው። ከታች ያሉት ስለ ሁለቱም የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሐኪም ያዘዘውን አይተኩም፤ ቀጠሮ ላይ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ግን ይጠቁማሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንቲኦክሲዳንት ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ይወራለታል?

ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን የሚነካኩ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። የሲጋራ ጭስና የፀሐይ ጨረርም ያበዟቸዋል። ከልክ ሲያልፉ ሕዋሳትንና ዘረ መልን ይጎዳሉ። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው እነሱን የሚያበርድ ንጥረ ነገር ሁሉ ነው። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን፣ ሮማንን የሚያቀላው ቀለም፣ ሁሉም እዚህ ይመደባሉ።

ስኳር፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የፍሪ ራዲካል ጉዳት ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ "የሚያበርደውን ብንጨምርላቸው በሽታው ይቀላል" ተባለ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል።

ሰው ላይ ሲሞከርስ?

አላማረም። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ገደማ የሚያጨሱ ወንዶች ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ቤታ ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ያድናቸዋል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ እንክብሉን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ በአጫሾችና አስቤስቶስ ከሚባለው ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ቁስ ጋር በሠሩ ሰዎች ላይ ይካሄድ የነበረ ተመሳሳይ ጥናት ካንሰሩ በ28 በመቶ መብለጡ ስለታየ በ1996 መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ። በ2011 ደግሞ ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ መጨመሩ ታወቀ።

"እነዚህ እኮ እንክብል ናቸው፤ ጁስ ሌላ ነው" የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። አንድ ብርጭቆ የካሮት ጁስ የጠጣ ሰው በዚህ ምክንያት መደንገጥ የለበትም። የወደቀው "አንቲኦክሲዳንት ስላለው ያድናል" የሚለው ክርክር ነው። ጁስ ሻጩ የሚያቀርበው ደግሞ ያንኑ ክርክር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪ ራዲካል ሁሉ ጠላት አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ የሚገድሉበት አንዱ መሣሪያ እሱ ነው። ጡንቻም ከስፖርት የሚጠቀመው በከፊል በእሱ ምልክትነት ነው። በ2009 የወጣ የጀርመን ጥናት ላይ ስፖርት እየሠሩ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲና ኢ የወሰዱ ወጣቶች፣ ስፖርቱ ለኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠውን ጥቅም አጡ። ስኳር ኖሮበት ጠዋት ጠዋት የሚራመድ ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ጠርሙሱ ላይ "ከብርቱካን 10 እጥፍ አንቲኦክሲዳንት" የሚል ቁጥር አለ። ምን ማለት ነው?

ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በመስታወት ቱቦ የተለካ ነገር ማለት ነው። ኦራክ የሚባል መለኪያ ነበር። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የብዙ ምግቦችን የኦራክ ቁጥር በዝርዝር አውጥቶ ኩባንያዎች እየተሻሙ ማስታወቂያ ሠሩበት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በ2012 ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አነሳው። ቁጥሩ ሰው ሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ጋር አይገናኝም፣ ለማስታወቂያም ያላግባብ እየዋለ ነው ብሎ ነው።

ቱቦ ውስጥ የታየው ለምን ሰው ላይ አይታይም? የፍራፍሬ ቀለሞች አብዛኞቹ ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው። የገባውንም ጉበት ለዋውጦት ቶሎ በሽንት ይወጣል።

ኖኒ፣ አሳኢ፣ ማንጎስቲን፣ የሮማን ጁስ... ከውጭ የሚመጡትስ?

ብዙዎቹ የሚሸጡት በሱቅ ሳይሆን በሰው በሰው ነው። ዘመድ ለዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ ለባልደረባ። እምቢ ለማለት ይከብዳል፤ አሻሻጡም ይህን ያውቃል።

ኖኒን እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ በ2002 መረመረውና ከሌሎች የፍራፍሬ ጁሶች የሚበልጥ የተለየ የጤና ጥቅም ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም። በ2003 አውሮፓ ውስጥ እንዲሸጥ ተፈቀደ። የተፈቀደው ግን እንደ መጠጥ ነው። ሻጩ "አውሮፓ የፈቀደው ነው" ሲልዎት አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገረዎት።

የሮማኑ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ፖም ወንደርፉል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለምርምር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቷል። ማስታወቂያዎቹ ጁሱ ለልብ ሕመም፣ ለፕሮስቴት ካንሰርና ለስንፈተ ወሲብ መከላከያ ወይም ሕክምና እንደሆነ የሚያስመስሉ ነበሩ። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2010 ክስ መሠረተበት። በ2013 ማስታወቂያዎቹ አሳሳች ናቸው ሲል ወሰነ። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ውሳኔውን በአብዛኛው አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2016 ጉዳዩን ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም።

ምርምሩስ? ይህ ነው አስገራሚው። በ2006 አንድ ጥናት ወጣ። የፕሮስቴት ካንሰር ከታከሙ በኋላ፣ ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁመው ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ ውጤታቸው ከፍ ማለት የጀመረ 46 ወንዶች የሮማን ጁስ ጠጡ። ፒኤስኤው በእጥፍ ለማደግ የሚፈጅበት ጊዜ ከ15 ወር ወደ 54 ወር ረዘመ። ማንም ቢሰማው ይጓጓል። ጎዶሎው አንድ ነው፤ ለማነጻጸር ጁሱን ያልጠጣ ቡድን አልነበረም። በኋላ አንዱ ቡድን እውነተኛውን ሌላው አስመሳዩን መጠጥ ሲሰጠው፣ አስመሳዩን የጠጡትም ላይ ጊዜው ረዘመ። በቡድኖቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ስለዚህ "ጥናት አለው" ሲሉዎት "ያልጠጡት ሰዎችስ ምን ሆኑ?" ብለው ይጠይቁ።

ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች ጤነኞች ናቸው ይባል የለ?

ይባላል፤ እውነትም ነው። ግን ፍራፍሬና የፍራፍሬ ጁስ አንድ አይደሉም። በ2013 የታተመ፣ ከ187 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ይህን ለያይቶ አይቷል። ብሉቤሪ፣ ወይንና ፖም እንዳለ የበሉ ሰዎች ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ጁስ የሚያዘወትሩት ደግሞ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ፍሬው ያው ነው። ሲጨመቅ ቃጫው ይቀራል፣ ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ማንም ቁጭ ብሎ የማይበላው መጠን ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል።

እናቴ ስኳር አለባቸው። ጁስ መጠጣት ይችላሉ?

መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን እንቁጠር። 240 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የብርቱካን ጁስ ውስጥ 21 ግራም ገደማ ስኳር አለ። አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የሮማን ጁስ 30 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ያው መጠን ኮካ 26 ግራም ገደማ ነው። እናትዎ ኮካ ቢጠጡ ቤተሰቡ ሁሉ ይጮኻል። የሮማን ጁስ ሲሆን ግን "ጠጪ፣ ደም ይሆንሻል" ይባላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያ ጁስ ውስጥ ያለውን ስኳር ከማርና ከተጨመረ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ ብርጭቆ ጁስ የቀኑን ኮታ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ደግሞ ጤነኛ ሰው እንኳ ጁስና ስሙዚ ተደምሮ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ ይላል።

እናትዎ ማንጎ ቢያምራቸው ከምግብ ጋር ጥቂት ቁራጭ ይብሉ። ፓፓያ፣ ዘይቱና፣ ብርቱካን እንዲሁ። የደም ስኳር መለኪያ ቤት ካለ ከመብላታቸው በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ። ከኔም ሆነ ከጎረቤት ምክር ይልቅ ያ ቁጥር ስለ እናትዎ ሰውነት ይናገራል።

አቮካዶ ለብቻው ነው የሚታየው። ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ሎሚ ብቻ ተጨምቆበት፣ ያለ ስኳር ከሆነ ስኳር ላለበት ሰው ችግር የለውም፤ ካሎሪው ግን ቀላል አይደለም። ጉዱ ያለው ጁስ ቤቱ ከላይ በሚያፈስበት ቪምቶና ከሥር በሚጨምረው ስኳር ላይ ነው። "ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ" ብሎ ማዘዝ ነውር የለውም። አስተናጋጁ ግር ቢለው ግር ይበለው።

"ስኳር ያልተጨመረበት" የሚል ካርቶንስ?

ከውጭ አልተጨመረም ማለት እንጂ ውስጡ የለም ማለት አይደለም። ከጀርባው ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ወይም 11 ግራም ስኳር የሚል ከሆነ ከለስላሳ ብዙም አይርቅም።

በብሌንደር ከተፈጨስ? ቃጫው አይጠፋ።

ከተጨመቀው ይሻላል። ግን ሦስት ማንጎ ተፈጭቶ ያው የሦስት ማንጎ ስኳር ነው።

ጁስ በእርግጥ የሚያድንበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ያውም ስኳር ላለበት ሰው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ግራ ይጋባል። ያኔ ግማሽ ብርጭቆ፣ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ጁስ ወዲያው ይጠጣ። 15 ደቂቃ ቆይቶ ይለካ፤ ካልተስተካከለ ይደገም። ከዚያ ምግብ ይብላ። ጁሱን እዚህ ጠቃሚ ያደረገው አንቲኦክሲዳንቱ አይደለም። በሌላ ቀን የምንሸሸው ቶሎ የሚገባው ስኳር ነው። ለዚህ ጊዜ የአቮካዶ ጁስ አይሆንም፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥም ምንም አይፈስም፤ ያንቀዋል። ወደ ጤና ተቋም ነው መሮጥ።

በጾም ወቅት ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። መድኃኒቱን እንደወትሮው ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ስኳሩ ሊወድቅ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

አባቴ ኩላሊታቸው ተዳክሟል ተባሉ። ጉልበት እንዲሆናቸው የአቮካዶ ጁስ እሰጣቸዋለሁ። ልክ ነኝ?

ዛሬውኑ አቁመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጁስን በሚመለከት ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው።

ጤነኛ ኩላሊት ፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘውን ፖታሺየም የሚባል ማዕድን፣ ትርፉን በሽንት ያስወጣል። የደከመ ኩላሊት አይችልም። ፖታሺየም ደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምት ይዛባል፤ ልብ ሊቆምም ይችላል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት እንኳ የለውም። ኩላሊታቸው በጣም ለተዳከመ ሰዎች ብዙ ሐኪሞች ፖታሺየም በቀን ከ2,000 እስከ 3,000 ሚሊ ግራም ባለው ክልል እንዲወሰኑ ይመክራሉ። 100 ግራም አቮካዶ ብቻውን 485 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ጁስ ቤት በአንድ ብርጭቆ ስንት አቮካዶ እንደሚገባ ያያችሁ ሂሳቡን ሥሩ። ሙዝ አንዱ 420 ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ከ450 እስከ 500፣ የሮማንና የቲማቲም ጁስ ደግሞ ከ500 በላይ ነው።

በ2000 በአንድ የኩላሊት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። ኩላሊቱ የታመመ አንድ ሰው ፖታሺየም የቀነሰ ምግብ ብቻ እበላለሁ እያለ ደሙ ውስጥ ፖታሺየም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሲያጣሩ ለጤናው ብሎ ኖኒ ጁስ ይጠጣ ነበር። ጁሱ ሲለካ የፖታሺየም መጠኑ ከብርቱካንና ከቲማቲም ጁስ የሚስተካከል ሆነ።

መድኃኒቱም ነገሩን ያባብሳል። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ለግፊትና ለልብ በብዛት የሚታዘዙ ናቸው። ሁለቱም ፖታሺየምን ሰውነት ውስጥ ያቆያሉ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ የፈሳሽ ገደቡም አለ፤ ጁስ ከዚያ ገደብ ላይ ይቆጠራል።

አባትዎ ጁስ ካማራቸው የፖም ጁስ በፖታሺየም ከብርቱካን በግማሽ ገደማ ያንሳል። ስኳርም ኖሮባቸው ሲወርድባቸው የሚመረጠው ይኸው ነው። ስታር ፍሩት የሚባለው ባለ አምስት ጠርዝ ፍሬ ግን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ጨርሶ አይነካም። አንጎልን የሚመርዝ ነገር ስላለው የሞቱ አሉ። በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀይ ሥር ግፊት ይቀንሳል የሚባለው ተረት ነው?

አይደለም። ከተራ ወሬ በላይ ማስረጃ ካላቸው ጥቂት ጁሶች አንዱ ነው። በ2015 በለንደን በተደረገ ጥናት ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 250 ሚሊ ሊትር የቀይ ሥር ጁስ ለአራት ሳምንት ጠጡ። የላይኛው ቁጥር በ8 ነጥብ ገደማ ወረደ። የሠራው ናይትሬት የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና በኋላ የደም ሥርን ዘና ያደርጋል። ባክቴሪያ የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ የሚጠቀም ሰው ላይ ጥቅሙ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ጁሱን ሲያቆሙ ግፊቱ ይመለሳል። ስለዚህ ክኒን አይተካም። ጠጠር የሚሠራው ኦግዛሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት የኩላሊት ጠጠር ለሚያስቸግረው ሰው አይመከርም፤ ፖታሺየሙም ቀላል አይደለም። ሽንት ቢቀላ ደግሞ አይደንግጡ፣ ቀለሙ ነው።

ሮማንም በአንዳንድ ጥናቶች ግፊትን በጥቂቱ ቀንሶ ታይቷል። ስኳሩን ግን ከላይ አይተነዋል።

ጁስ ከመድኃኒት ጋር ይጋጫል?

አዎ፤ ቀንደኛው ግሬፕፍሩት ነው። የታወቀውም በአጋጣሚ ነው። በ1989 ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ቤይሊና ባልደረቦቹ ፌሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚፈጥር እያጠኑ ነበር። የአልኮሉን ጣዕም ለመደበቅ ግሬፕፍሩት ጁስ ቀላቀሉበት። ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከሚጠበቀው በብዙ በለጠ። ቆይቶ ሲጣራ ጥፋቱ የጁሱ ሆነ።

አንጀት ግድግዳ ላይ አንዳንድ መድኃኒቶችን እየሰባበረ በልክ የሚያሳልፍ ኤንዛይም አለ፤ እንደ በረኛ ማለት ነው። ግሬፕፍሩት ያንን በረኛ ያስተኛዋል። ያኔ የወሰዱት አንድ ክኒን የብዙ ክኒን ያህል ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ከአንድ ቀን በላይ ሊያቆየው ስለሚችል "ጠዋት ጁስ፣ ማታ ክኒን" ብሎ ማራራቅ አይሠራም። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን፣ በመጠኑም አቶርቫስታቲን፣ የግፊት መድኃኒቱ ኒፌዲፒን፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዷቸው ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ከሚነኩት መካከል ናቸው። የግሬፕፍሩት ዘመድ የሆነው ፖሜሎም እንዲሁ ያደርጋል። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ በቀላሉ ስለምታገኙት ልብ በሉ።

ተቃራኒውም አለ። የብርቱካን ጁስ የግፊት መድኃኒቱ አቴኖሎል ወደ ደም የሚገባውን መጠን በጉልህ ይቀንሳል። የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲንም በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው የሚዋጠው። በጁስ መዋጥ የሚደገፈው የብረት ክኒን ነው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል።

የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በጎመንና በስፒናች የሚሠራውን አረንጓዴ ጁስ በድንገት አይጀምር። ቫይታሚን ኬው የመድኃኒቱን ሥራ ያፈርሰዋል።

ሪህ አለብኝ። ጁስ ያጥባል ይሉኛል።

አያጥብም፤ ሊያባብስ ይችላል። የፍራፍሬ ስኳር ፍሩክቶስ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይፈጠራል። ሪህ የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው። አንድ የሚያስቅ ግኝት አለ። ሰዎች ፖም ሲበሉ ደማቸው ውስጥ የአንቲኦክሲዳንት አቅም ከፍ ሲል ታየና አጥኚዎች ምንጩን ሲፈልጉ በዋናነት የፖሙ ቀለም አልነበረም። ፍሩክቶሱ ከፍ ያደረገው ዩሪክ አሲድ ነበር። ሪህ ላለበት ሰው እንዲህ ያለ አንቲኦክሲዳንት ምን ያደርግለታል? ውኃ ይጠጡ።

እህቴ ኬሞ እየወሰደች ነው። ጁስ ብቻ ነው የሚወርድላት።

የሚወርድላት እሱ ከሆነ ትጠጣ። እዚህ ላይ ሂሳቡ ይለወጣል። ምግብ እምቢ ላለውና ክብደቱ ለሚወርድ ሰው ካሎሪ ራሱ መድኃኒት ነው። አፏ ከቆሰለ ብርቱካንና ሎሚ ያቃጥሏታል፤ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ ይሻላል። ከወተት ወይም ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ቢፈጭ ፕሮቲንም ታገኛለች።

ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንደኛ፣ "አንቲኦክሲዳንት" ተብሎ የሚሸጥ እንክብልና ዱቄት የካንሰር ሐኪሟ ሳይፈቅድ አይሰጣት። ጨረርና አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች የካንሰር ሕዋሱን የሚገድሉት በከፊል በፍሪ ራዲካል ነው።

ሁለተኛ፣ ንጽሕና። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያወርዳል። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ያልተፈላ የፖም ጁስ ኢ.ኮላይ ባክቴሪያ ኖሮበት ብዙ ሰው አሳመመ፤ አንዲት ሕፃንም ሞተች። በጅማና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ጁስ ቤቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙ ባክቴሪያ ያለባቸው ናሙናዎች አግኝተዋል። ፍሬው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ውኃው፣ ቢላው፣ ተፈታትቶ በደንብ ያልታጠበ ብሌንደር ይበክለዋል። ለእሷ ቤት ውስጥ ይሠራላት። ፍሬው ሳይላጥ ይታጠብ፣ የሚቀላቀለው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ወዲያው ይጠጣ። ሲዲ4 የሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳቱ የወረዱበት ኤችአይቪ ያለበት ሰውም እንዲሁ ይጠንቀቅ።

ክራንቤሪ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከላከላል?

ደጋግሞ ለሚያማቸው ሴቶች፣ አዎ፣ በመጠኑ። በ2023 የታደሰ ትልቅ ግምገማ ድግግሞሹን በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የያዘውን ግን አያክምም፤ ለዚያ አንቲባዮቲክ ነው።

ሻጩ "ጁሱን ስትጀምሩ መድኃኒቱን አቁሙ" አለን።

ጁሱን መልሱለት። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የግፊት ክኒን ያቋረጠ ሰው ምንም ሳይሰማው ስትሮክ ሊመታው ይችላል። ተቅማጥ ሲይዝዎት "ሰውነትዎ እየጸዳ ነው" የሚል ሻጭም አለ። ተቅማጥ ተቅማጥ ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ የፈሳሽ ማጣት ቀልድ አይደለም።

ለቫይታሚኑ ከሆነስ የትኛው ፍሬ ይሻላል?

ውዱ አይደለም። 100 ግራም ዘይቱና 228 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ብርቱካን 53። ጥቁር የሆነው የገጠር አጋምም ቀለሙ ከብሉቤሪ ቀለም ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሠራለት ጠፍቶ ነው እንጂ። የብዙ አገር ሰው ከምግቡ ከሚያገኘው አንቲኦክሲዳንት ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ደግሞ ከቡና ነው። ለዚህ እኛን የሚያማን የለም።

ሐኪም ቤት ጥየቃ ስሄድ የማንጎ ጁስ ካርቶንና ሙዝ ይዤ ነው የምሄደው። ሌላ ምን ልውሰድ?

ልማዱ ደግ ነው። ግን የሕሙማን ክፍል ኮመዲኖ ላይ ስኳር ላለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሁሉ ያው ካርቶን ተደርድሮ ያያሉ። ከመሄድዎ በፊት አስታማሚው ጋ ይደውሉና "ምን ተከልክለዋል?" ይበሉ። የተሰበረ ከሆነ ሙዙም ጁሱም ችግር የለውም። ስኳር ከሆነ ያልተላጠ ብርቱካን ወይም ዘይቱና፣ ወይም የታሸገ ውኃ ይውሰዱ። ኩላሊት ከሆነ ሙዙን፣ ብርቱካኑንና አቮካዶውን ይተዉት፤ ጥቂት ፖም ይበቃል። ምን እንደተከለከሉ ካልታወቀ ለአስታማሚው የሚሆን ምሳ ይያዙ። ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረ ሰው ነው፤ እሱን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም።